ለግድግዳ የምታወራው ሴት

«እኔ አልፈርምም» አሉ ሽማግሌው ደራሲ፣ የድርሰት ውድድሩን የውጤት ወረቀትና እስክሪብቶውን ወደ ዳኞቹ ሰብሳቢ መልሰው እየገፉ።

«ጋሼ፣ አንደኛ ያወጣነው ልጅ እኮ የስፖንሰራችን የወንድም ልጅ ነው። አዳራሹንም ሽልማቱንም የሰጡን እነሱ ናቸው።»

«ሁሉም የተወዳደረው በብዕር ስም ነው። የስሙ ፖስታ ሳይከፈት የማን ልጅ እንደሆነ ከየት አወቅህ?»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው።

«ለግድግዳ የምታወራው ሴት የሚለው ታሪክ አንደኛ ካልወጣ ነገ ጉዳችሁን ጋዜጣ ላይ አወጣዋለሁ። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ አይሰማትም፤ ሲመርራት ጊዜ ወሬዋን ለግድግዳው ታደርገዋለች። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በዕድሜዬ አላነበብኩም።»

ሌሎቹ ዳኞች ተያዩና ፈረሙ።

በሽልማቱ ቀን የአሸናፊውን ፖስታ መድረክ ላይ የቀደዱት እሳቸው ነበሩ። ስሙን ሲያዩ ሳያነቡ ወደ ሰብሳቢው ገፉት። ሰብሳቢው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ አበጋዝ።»

የሽማግሌው ባለቤት ከመቀመጫቸው ተነሱ። አዳራሹ ተንጫጫ።

«ለካ ዳኛ የሆነው ሚስቱን ሊሸልም ነው» አለ አንዱ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

ሴትየዋ መድረክ ላይ ወጥተው ማይኩን ከሰብሳቢው እጅ ወሰዱ።

«አዎ፣ ባሌ ነው» አሉ ፈርጠም ብለው። «አድልቶ እንደሆነ ግን እኔን ጠይቁኝ። ከተጋባን ጀምሮ የጻፍኩትን አንብብልኝ ብዬ ስሰጠው፣ ነገ እያለ አንድ ገጽ ገልጦልኝ አያውቅም። ዳኛ ሆነ ሲባል ብሰማ፣ ዘንድሮስ ሳይወድ በግዱ ያነብልኛል ብዬ ላክሁት።»