ሲጋራ የማያጨስ

«ይሄኛውን እዩልኝ! ‹ቁመት አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት፣ ፀባይ ረጋ ያለ› ይላል» ብዬ ስልኬን ወደ ጃንጥላው አስጠጋሁ። «እዚህ መናፈሻ ውስጥ አጭር ልጅ የወለደ ወላጅ የለም።» አርባ ሺህ ሰው በላይቭ እያየኝ ነበር። ስክሪኑ በሳቅ ምልክት ተሞላ።

እሁድ ጠዋት የቻይናዋ የዉሃን ከተማ ወላጆች እዚህ ይሰበሰባሉ። ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ይዘረጉና ያላገባ ልጃቸውን ዕድሜ፣ ሥራና ቁመት ጽፈው ይለጥፉበታል። ከዚያ ከኋላው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው አማች ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ እንጀራዬ በሰው ወግ መቀለድ ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ ላይቭ ስከፍት ሰላምታዬ አንድ ነው፤ «ጓዶች፣ እንዴት ናችሁ?» እላለሁ። በእናቴ ጊዜ በጥጥ ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም ሰው ጓድ ነበር፤ ዘበኛውም ጓድ፣ ሥራ አስኪያጁም ጓድ። ዛሬ ቃሉን የወረስነው እኛ ነን። አንድ ወጣት «እገሌ እኮ ጓድ ነው» ካለ፣ ወንድ የሚወድ ወንድ ነው ማለቱ ነው። እኔም ጓድ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በካሜራ ፊት ቁጭ ብዬ ይህንኑ ሳልሸፋፍን ተናገርኩ። በአንድ ሌሊት ተከታዮቼ እጥፍ ሆኑ።

እናቴም አይታዋለች። በማግስቱ ደውላ «በላህ?» አለችኝ። «በልቻለሁ» አልኳት። በቃ፣ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህም እንደ ድሮው በየሳምንቱ የሎተስ ሥር ሾርባ በፔርሙስ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ስለዚያ ነገር ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። የማላውቀው ሕዝብ «ጀግና» እያለ ሲጽፍልኝ፣ እኔ የምጠብቀው ከእሷ አፍ አንዲት ቃል ነበር።

ወደሚቀጥለው ጃንጥላ ስዞር እግሬ ቀጥ አለ። አረንጓዴ ነው፤ ፋብሪካው ለጡረተኞች ካደላቸው አንዱ። የተሰበረ ዘንጉ በቀይ የሹራብ ክር ታስሯል። ያንን ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከኋላው እናቴ አንገቷን ደፍታ ሹራብ ትሠራለች።

ስልኩን ወደ ዛፉ አዞርኩት። «ምን ሆነህ ነው ዛፍ የምታሳየን?» እያሉ ሰዎች መጻፍ ጀመሩ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልካቾቼን ሳልሰናበት ዘጋሁባቸው።

ለካስ ዝምታዋ ይሄ ኖሯል። በሾርባ እያባበለች በጎን ሚስት ትፈልግልኛለች።

«እማዬ» አልኳት ፊቷ ቆሜ። «ሚስት አልፈልግም ብያለሁ። አገር ምድሩ ሰምቶ አንቺ ብቻ አልሰማሽም?»

አልደነገጠችም። ቀና ብላ አየችኝና «በላህ?» አለች። ከዚያ በመርፌዋ ወደ ወረቀቱ ጠቆመች። «ድምፅህን ቀንስ። ማንበብ አስተምሬሃለሁ፤ አንብብ።»

አጎንብሼ አነበብኩ። እንደ ፋብሪካው ማስታወቂያ በቀለም ብሩሽ በትልልቁ ጽፋዋለች።

«ወንድ። ዕድሜ፦ በበግ ዓመት የተወለደ። ቁመት አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት። ሥራው በስልክ ማውራት ነው፤ ራሱን ችሏል። ምግብ ማብሰል አይሆንለትም። የሚፈለገው፦ ፀባየ ሸጋ ጓድ። ሲጋራ የሚያጨስ እንዳይመጣ።»

መጀመሪያ ‹ጓድ› የሚለውን በፋብሪካው ትርጉም ነበር ያነበብኩት። የድሮ ሰው አይደለች፣ በድሮ ቃሏ ጻፈች አልኩ። ከዚያ የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስኩ።

ፍቅረኛዬ የነበረው ታንግ ያጨስ ነበር። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር «ኪራይ የሚጋራኝ ልጅ ነው» ብዬ ነው ለእናቴ ያስተዋወቅኩት። እሷም ሾርባውን አስቀምጣ፣ መስኮቱን ከፋፍታ፣ በጭሱ የሸተተውን መጋረጃ አውርዳ ታጥብ ነበር። ታንግ ጥሎኝ ሲሄድ «ያ ልጅ የት ደረሰ?» ብላ አልጠየቀችኝም። መጋረጃውን ግን ከዚያ በኋላ አላጠበችም። እኔ በአርባ ሺህ ሰው ፊት ሳወራ፣ እሷ ይህን ሁሉ ለብቻዋ ይዛ ኖራለች። አፈርኩ።

አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወረቀቱን ማንበብ ጀመሩ።

«እህቴ፣ ልጅዎ ደህና ሰው ይመስላል» አሏት። «የእኔዋ የጥርስ ሐኪም ናት። ሲጋራ ባለፈበት አታልፍም።»

«እግዜር ይባርካት። ግን ለእሷ አይሆንም» አለች እናቴ።

ሽማግሌው ቅር ሳይላቸው ወረቀቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄ ‹ጓድ› የሚሉት ደግሞ ምንድነው? በዚህ ዘመን ማን ጓድ ይላል?»

እናቴ ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እኛ ቤት ይባላል» አለች።

ሽማግሌው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ጆሮዬ ላይ ያለችውን ሎቲ ትንሽ ቆየት ብለው ተመለከቷት። «እንግዲህ ይቅናዎት» አሉና ወደሚቀጥለው ጃንጥላ አዘገሙ።

«እማዬ» አልኳት። ሦስት እናቶችና አንድ አባት አንገታቸውን አስግገው ወደኛ ያያሉ። እናቴ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘችኝ፤ እኔ በእውነቱ ከአንድ ሜትር ከሰባ አራት አላልፍም።

«ና ከኋላዬ ቁም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ቀና በል ደግሞ፤ ሰባ ስምንት ብዬ ጽፌሃለሁ።»

ሄጄ ከኋላዋ ቆምኩና ተረከዜን ከመሬት አነሳሁ።