ለኤልማ መጥበሻ አንድ ዓሣ

ሐኪሙ ‹‹ቢበዛ ሁለት ወር ትኖራለህ›› ያለው የሐይቁ በረዶ በቀለጠ በሳምንቱ ነው። ቶይቮ ኮፍያውን አጠለቀ፤ ከሚስቱ ጋር ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ።

‹‹ስሚ ኤልማ›› አላት ከዚያ። ‹‹አንድ የሐይቃችንን ዓሣ፣ አንድ ዋልአይ፣ በገዛ እጄ ይዤ መጥበሻሽ ላይ ሳላስቀምጥ አልሄድም። አብረን እንበላዋለን፤ ከዚያ በኋላ እንደ ፈጣሪ ፈቃድ።››

‹‹ሳትይዝ አትሄድም?››

‹‹ዋሽቼሽ አውቃለሁ?››

ኤልማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ‹‹አታውቅም›› አለች።

በሳምንቱ ጀልባዋ ሐይቁ ላይ ወጣች። ጎረቤታቸው ዱዌን ከኋላ ሞተሩን ይይዛል፤ ቶይቮ ከፊት የማጥመጃውን ዘንግ ይይዛል። ከኬሞው፣ ከካንሰሩ መድኃኒት፣ ወዲህ ጣቶቹ ደንዝዘዋል። ማንኪያ መያዙን እንኳ የሚያውቀው በዓይኑ አይቶ ነው። ዓይኑም ሩቁን እንጂ ቅርቡን ያለ አጉሊ መነጽር አይለይም።

ስለዚህ ጂጎቹን የምታዘጋጅለት ኤልማ ናት። ጂግ ማለት ራሱ የእርሳስ ጠብታ የሆነ መንጠቆ ነው፤ የላስቲክ ጅራት ይለብስና ዓሣው ትል መስሎት ይጎርሰዋል። እሷ ማዘጋጀቷ አዲስ ነገር አልነበረም። ቶይቮ ከተጋቡ ጀምሮ፣ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሚስቱ ያላሰረችውን መንጠቆ ውኃ ውስጥ ጥሎ አያውቅም። አባቱም እንደዚያው ነበሩ። ኤልማ ማታ ማታ ሦስት ጂግ አልብሳ በከረሜላ ቆርቆሮ ታስቀምጥለታለች።

በመጀመሪያው ጠዋት ቢጫው የማጥመጃ ክር ድንገት ተሳበ። ቶይቮ ዘንጉን አነሳ። ከጥልቁ አንድ ነገር ከበድ እያለ መጣ፤ የጅራቱ ነጭ ጫፍ ውኃው ውስጥ ብልጭ አለ። ከዚያ ክሩ ላላ።

‹‹ሄደልህ!›› አለ ዱዌን። ‹‹አንተ ሽማግሌ፣ ልትይዘው ነው ወይስ ከእንቅልፉ ልትቀሰቅሰው?››

‹‹ዝም በል።››

‹‹ቸኮልክ እኮ! ሲነካህ የዘንጉን ጫፍ ዝቅ አድርግለት። አንድ፣ ሁለት ብለህ ቁጠር። በደንብ ይጉረሰው። ያኔ ሳብ።››

ቶይቮ ዝቅ አደረገ፣ ቆጠረ፣ ሳበ። ሄደ። በማግስቱ ኤልማ እርሳሱን በቀላል ለወጠችለት፤ ዓሣው እንዳይከብደው። ሄደ። ጅራቱን አሳጠረችለት፤ ጫፉን ብቻ ነክሶ እንዳይተወው። ሄደ። የማይለጠጥ ክር አስገቡ። ያም ሄደ። እዚያው ጀልባ ላይ ዱዌን በአንድ ጠዋት አራት ያወጣል።

‹‹እባክህ ከእኔ አንዱን እሰር›› አለው አንድ ቀን፣ የጂግ ሳጥኑን እየገፋለት።

‹‹ኤልማ ያላሰረችውን?››

‹‹እሺ! እሺ! በረሃብ ሙት እንግዲህ።››

ቶይቮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጎኑን ወጋው። ሕመሙ ከሆዱ ወደ ጀርባው እየዞረ ነበር። ክር ሊቆርጥ ኪሱን ዳበሰ፤ ትንሿ መቁረጫ ጉጠት በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ የለችም። በጥርሱ በጠሰው። ኤልማን ሲጠይቃት ‹‹የጠፋ ሁሉ በጊዜው ይገኛል›› ነበር ያለችው።

ሲመለስ ኤልማ እጇን በሽርጧ እያበሰች ወደ መውረጃው ትመጣለች።

‹‹ያዝክ?››

‹‹አመለጠኝ።››

‹‹ነገም ጠዋት አለ›› ትለዋለች። ክንዱን ደግፋ ታስገባዋለች። መጥበሻው ታጥቦ፣ ተወልውሎ ምስማሩ ላይ ይጠብቃል።

ጥፋቱ የእጁ እንደሆነ ቶይቮ ከዚያ ወዲያ አልተጠራጠረም። ሌላው ሁሉ ተሞክሯል። ‹‹እጄ ከእኔ ቀድሞ ሞተ›› አላት አንድ ምሽት። ‹‹ደክሞኛል ኤልማ። ያቺን አንዷን ይዤ ባርፍ ነበር ደስ የሚለኝ።››

እሷ ጂግ እያለበሰች ነበር። ሦስተኛውን ቆርቆሮው ውስጥ አስገባች።

ጠዋት ለመውጣት ጫማውን ሲያጠልቅ ከመኝታ ቤት ድምፅዋን ሰማ። ተንበርክካ፣ ‹‹ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ›› ትላለች፤ ደጋግማ፣ እያለቀሰች። ቶይቮ ከበሩ ማዶ ቆሞ ገረመው። ለሰው ክፉ ቃል ወጥቷት የማታውቅ ሴት፣ ምን ይቅርታ የሚያስጠይቅ በደል ይኖርባት ይሆን? ለእኔ መከራ ራሷን እየወቀሰች ነው ብሎ አዘነላት። ልጅ የላቸውም። እሱ ከሄደ በዚያ ቤት የሚያስነጥስ እንኳ ሌላ ሰው አይኖርም።

በመስከረም ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ አየውና መነጽሩን አወለቀ። ‹‹እስካሁን ምን አቆየህ?››

‹‹ሥራ አልጨረስኩም›› አለው ቶይቮ።

ኤልማ አጠገቡ ተቀምጣ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠቀልል ነበር።

ጥቅምት ገባ። ሐይቁ ዳር ዳሩን ስስ በረዶ መያዝ ጀመረ፤ ዱዌን ከሰኞ በኋላ ጀልባዋ ከውኃው መውጣት አለባት አለ። አንድ ጠዋት ብቻ ቀረች። በእሑዱ ኤልማ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ቶይቮ ግን ብዙ መቆም ስላቃተው ቀረ። የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ ወደቀ። ተመልሳ እንዳትደክም ብሎ የስፌት ቅርጫቷን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና በመዳፉ ክርና መርፌ ይፈልግ ጀመር።

ከሥር፣ ከጨርቁ መሀል፣ የጠፋችው ጉጠት ነበረች።

ከጎኗ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አለች፣ ግማሽ ድረስ የተሞላች። ሲነቀንቃት ተንሿሿች። የሰናፍጭ ፍሬ መሰለው። መዳፉ ላይ ገልብጦ ጨበጠና ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጣቶቹ ምንም አልተሰማቸውም፤ ደሙ በእጁ አንጓ ሲወርድ አይቶ ነው እጁን የከፈተው።

አጉሊ መነጽሩን አቀረበ፤ በረዶው ከቀለጠ እስከ ጥቅምት በየማታው ሦስት ሦስት እየሆኑ የተቆረጡ የመንጠቆ ሹል ጫፎች ነበሩ።