እሷ ወሰደች

አገርነሽ ከአሰብ ከወጣች ወዲህ ያልተጣለችበት ቦታ የለም። ድንኳን፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የሰው በረንዳ፣ እንደገና ድንኳን። ባሏ ወደቡ ላይ ጭነት አውራጅ ነበር፤ ጦርነቱ ሲነሳ ጠፍቶ በዚያው ቀረ። እሷም ‘የሱ አገር ነው’ ብላ ልጇን ምኞትን አዝላ አርባ ምንጭ ገባች። የአገሩን ቋንቋ አታውቅም፣ የምታውቀው ዘመድም የላትም። በጣም ደክሟታል።

ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል ዳርቻ ለተፈናቃዮች ቤት ሲሠራ ለእሷም አንድ ደረሳት። ግድግዳው ቆሞ በጭቃ ተመርጓል፤ የቀረው ጣሪያው ብቻ ነው። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሽበሺ ይባላል። ጢሙ ደረቱ ድረስ ስለሚወርድ ሰፈሩ «ጢማሙ» ይለዋል። ቆርቆሮው የተቀመጠበት መጋዘን ከአገርነሽ ቤት ጎን ስለሆነ፣ ካሉት ሁለት ቁልፎች አንዱን ለእሷ ሰጣት።

«አንቺ ያዢልን» አላት ጢሙን እየዳበሰ። «ከአንቺ የሚቀርብ የለም።»

«እሺ ጋሽ ሽበሺ።»

ሰው ካመናት ስንት ጊዜው! ቁልፉን በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

ማዶ ያለው ጎጆ የእማማ ልክነሽ ነው። ከተራራው ከኦቾሎ የወረዱ አሮጊት ናቸው፤ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው። አገርነሽ የመጣች ዕለት በራቸው ላይ ቆመው፣ «ና ግባ ልጄ! ደክሞሃል እኮ» አሏት። አገርነሽ ሳቀች። ባሏም በተዋወቁ ሰሞን «አንተ ቆንጆ» እያለ ነበር የሚጠራት። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

«ብላ፣ ብላ» አሉ እማማ የተቀቀለ ጎደሬ እየገፉላት። «ታለቅሳለህ ደግሞ?»

ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ሆኑ።

አንድ እሁድ ከእማማ በቀር ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አገርነሽ ልብስ ልታጥብ ወደ ምንጮቹ ወረደች። ሰኞ ጠዋት አናጢዎቹ መጡና መጋዘኑ ሲከፈት ቆርቆሮው የለም። ጓጉንቸሩ አልተነካም፤ በሩም እንደተቆለፈ ነበር።

ወሬው ለመሮጥ ጊዜ አልፈጀበትም። አንዱ «ቁልፉ እሷ ጋ አይደል እንዴ?» አለ። ሌላዋ ደግሞ ከባለጋሪ ጋር ስታወራ አይቻታለሁ አለች። አውርታለች፤ ለቤቷ ድንጋይ አስመጥታ ነበር። ግን ማን ይስማት? አብረዋት ድንኳን ያደሩት ተፈናቃዮች እንኳ ፊታቸውን አዞሩባት። አይፈረድባቸውም፤ የጠፋው የእነሱም ጣሪያ ነው።

ነገሩን የሚያጣራ ዘካሪያስ የሚባል ሰው ቤቶቹን ከሚያሠራው ድርጅት ከአዲስ አበባ ተላከ። መንገዱ ያንገላታው፣ ቶሎ ጨርሶ መመለስ የሚፈልግ ሰው ነው። መጋዘኑ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ወጣ። ዘካሪያስና ሽበሺ ከኋላው ተቀመጡ፤ አገርነሽ ከፊቱ ቆመች። አይቻለሁ ያሉት እማማ ልክነሽ ተጠሩ።

«እማማ፣ አስተርጓሚ እንፈልግልዎት?» አለ ዘካሪያስ።

«እኔ? አማርኛ አውቃለሁ!» አሉ ኮራ ብለው።

«እሺ። ቆርቆሮው ሲወሰድ አይተዋል?»

«አየሁ እንጂ! በዓይኔ!»

«ማን ነው የወሰደው?»

እማማ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ነውር ነው ብለው ያደጉ ናቸው። አገጫቸውን ወደ ጠረጴዛው ቀና አደረጉ።

«እሷ ናት። እሷ ወሰደች። እሁድ፣ በጋሪ ጭና ወሰደች።»

የሽበሺ እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ አገርነሽን አየ። ሽበሺ ሰዎቹን አየ፣ ከዚያ አገርነሽን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ አነሳ።

«በቃ፤ እማማን አናድክማቸው» አለ።

አገርነሽ ከሌላ ሰው ቢመጣ ትከራከር ነበር፤ ከእማማ አፍ ሲወጣ ግን መከራከሩን ተወችው። አሮጊቷ ሲያልፉ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉላት። ምን ዓይነት አንጀት ነው! ትከሻዋን መነጨቀቻቸው።

«ሕግ ፊት አናቀርብሽም» አላት ዘካሪያስ ቁልፉን ከአንገቷ አስፈትቶ ሲቀበላት። «ልጅ አላት ብሎ የለመነልሽ ሊቀ መንበሩ ነው። ቤቱ ግን ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

አመስግኚ ሲሏት ሽበሺን አመሰገነች።

በማግስቱ ጠዋት ሲቀላ መናኸሪያ ሻሸመኔ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጠች። ሻሸመኔ ማንም የላትም። የሄደችው አውቶቡሱ እሱ ስለነበረ ነው። ምኞት ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ ረዳቱ «የሞላ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል።

መስኮቱ ተንኳኳ። እማማ ልክነሽ ናቸው፤ ሮጠው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጎደሬ ይዘዋል። አገርነሽ ፊቷን አዞረች። አሁንም አንኳኩ። ሞተሩ ተነሳ። ይሄኔ መስኮቱን ገፍታ ከፈተችው።

«ምን ቀረዎት? ቤቴን አሳጥተውኝ ደግሞ ስንቅ ያቀብሉኛል? እንደ እናቴ አልነበር እንዴ የማይዎት!»

እማማ ግራ ገብቷቸው ቀና ብለው አይዋት። ጥቅሉን በሁለት እጃቸው እንደዘረጉት ናቸው።

«አንተ ለምን ትሄዳለህ፣ ልጄ? የወሰደችው እኮ ያቺ ጢማሟ ናት!»