የማርማላታው ጠርሙስ

መምህሩ የማርማላታውን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። የበረሃ ዘላይ ሸረሪቶቹ፣ ጥፍር የማያክሉት፣ ደርቀው ውስጡ እንደ ገለባ ተደራርበዋል። በጦርነቱ ወልድያን ጥሎ ሲሸሽ እያንዳንዳቸው አልኮል በሞላው የየራሳቸው ብልቃጥ ውስጥ፣ የተያዙበት ቦታ፣ ሐራ ወይም መርሳ፣ ከተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ጋር ነበሩ። ዝርያው የት የት እንደሚኖር፣ ለመጥፋት ተቃርቦም እንደሆነ የሚነግሩት እነዚያ ወረቀቶች ብቻ ነበሩ።

«አልኮሉን ለቁስለኞች አፈሰስነው» አሉ የቤተ ሙከራው ጽዳት ሠራተኛ እትዬ አልታየች። «ከተማው ውስጥ መድኃኒት የሚባል አልነበረም። እነዚህን ግን አንዷንም አልጣልኩብህ መምህሬ፤ ለቅሜ ነው ያቆየሁልህ።»

«ወረቀቶቹስ?»

«እነሱማ እሳት ማያያዣ ሆኑ።»

መምህሩ ወንበር ፈልጎ አጣ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበረውም። ከልማዱ የተነሣ መቆንጠጫውን ከኪሱ አውጥቶ ጠርሙሱን ከፈተና አያቸው። የትኛው ከየት እንደተያዘ አሁን ማንም ሊለያቸው አይችልም።

«የሐራዎቹን ለብቻ፣ የመርሳዎቹን ለብቻ ቢያደርጓቸው ምን ነበር፣ እትዬ?»

እትዬ አልታየች የጠርሙሱን ክዳን ከወለሉ አንሥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ምኑን አውቄው ልጄ? ያን ሰሞን ከሐራ የሸሸውም፣ ከመርሳ የመጣውም እዚሁ፣ አሁን አንተ የተቀመጥክበት ላይ ነበር ተቃቅፎ የሚያድረው። ለብቻው መተኛት የሚደፍር ሰው አልነበረም። እነሱንም ለብቻ ማድረግ አላስቻለኝም።»

መምህሩ መቆንጠጫውን ኪሱ መለሰና ክዳኑን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።