የይርሳው ከብቶች

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰውየው ዓይኑ ደም ለብሶ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። በእጁ ከማሳው የነቀለውን አንድ እፍኝ ሩዝ ጨብጧል።

በዚያ የፎገራ መንደር የእሱንና የጎረቤቱን የይርሳውን ጠብ የማያውቅ የለም። በየበጋው ሩዝ ታጭዶ ሲያልቅ የይርሳው ከብቶች ማሳው ላይ ሲግጡ ይውላሉ፤ እሱም ዱላውን ይዞ አባት እናታቸውን እየሰደበ ሲያባርራቸው ይውላል። አምና እነዚሁ ሽማግሌዎች ይርሳውን «ከብቶችህን እሰር» ብለው ሲፈርዱበት፣ ሰውየው እየፎከረ ነበር ቤቱ የገባው።

«ዘንድሮም ገቡብህ?» አሉ አያ ሽባባው፣ በዚህ ክስ የሰለቹት ሽማግሌ።

«እሱኑ ጠይቁት!»

ይርሳው ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ሚካኤል ምስክሬ ነው! በጋውን ሙሉ ደጄ ላይ አስሬ ድርቆሽ ስቀልብ ነው የከረምኩት። አንዲት ጥጃ እንኳ ማሳው ላይ ድርሽ አላለችም!»

«እውነቱን ነው፣ ሁላችንም አይተናል» አሉ ሽማግሌዎቹ።

አያ ሽባባው ከሳሹ ላይ ጮኹበት። «ታዲያ በምንድን ነው የምትከሰው? አንተ ሰው፣ ሰላም አትወድም?»

«በዚሁ ነዋ የምከሰው!»

ሰውየው ሩዙን እግራቸው ሥር ወረወረው። ቅጠሉ ቢጫ፣ አገዳው የቀጨጨ ነው።

«ዩሪያውን እንደ ወትሮዬ በትኛለሁ፤ ሩዙ ግን ይኸው! ለካ ዩሪያው ብቻውን አልነበረም፤ የከብቶቹ እበት ነበር አብሮ የሚያበላኝ!» አለ። ከዚያ ጣቱን ይርሳው ላይ ቀሰረ።

«ለምን አልገቡም?»