የዓሣው ጭንቅላት

አራባ ከአዲሱ የብረት ምድጃ የወጣውን የመጀመሪያውን ዓሣ ከኬንኬው፣ ከተቀቀለው የበቆሎ ሊጥ፣ ጎን አድርጋ ለባሏ አቀረበችና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ፊት ለፊቱ ቆመች። ባለፈው ለሽያጭ የላከችውን በጭስ የደረቀ ዓሣ የአውሮፓ ወደብ "ጭሱ በዝቷል" ብሎ እንዳለ መልሶባት ነበር። ይኼም ከተመለሰ ዓሣ ማጨሱን ልትተወው ነው። አዲሱ ምድጃ ጭሱን ወደ ዓሣው አያስጠጋም፤ ዓሣውም ገርጥቶ ነው የወጣው።

ኮቢና ዓሣ ሲበላ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጭንቅላቱ ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ አጥንቱን እየመጠመጠ። ዛሬ ከጅራቱ ጀመረ።

"እንዴት ነው?" አለችው።

"ጥሩ ነው። ፈረንጆቹ ይወዱታል።"

"እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው።"

"እኔማ ምን አለኝ፣ አንቺ የሠራሽውን።" የቃሪያ ድቁሱን ደጋግሞ አጠቀሰበት። ሥጋውን ሙልጭ አድርጎ በላና ጭንቅላቱን ሳይነካው ቀስ ብሎ ወደ ሳህኑ ዳር ገፋው። የማታየው መስሎት ነበር።

"ውሸታም ሽማግሌ" አለች፤ ሳቋ መጣ። ወደ ጓሮ ዞረች። የአውሮፓ ገዢዎቿ "ካልፈረሰ አንገዛሽም" ያሉት አሮጌው የጭቃ ምድጃ አሁንም ይጤስ ነበር። ከላዩ አንድ የጠቆረ ዓሣ አንስታ መጣችና ሳህኑ ላይ ጣለችለት።

"ይኼኛው የትም አይላክም" አለችው።

ኮቢና ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና ዓይኑን ጨፍኖ ከጭንቅላቱ ጀመረ።