ቱቦው ሲሳብ

«ምንም የለም» ትላለች የደም ሥር ሐኪሟ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

በብሽሽት ባስገባችው ቀጭን ቱቦ በኩል የደም ሥርን በስክሪን ላይ የሚያሳይ መድኃኒት ስትረጭ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ወደ ግራ እግር የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር ከላይ እስከ ታች ጥርት ብሎ ይታያል። አያፈስም።

ጠረጴዛው ላይ የተኙት ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት ናቸው። ከሰባት ዓመት በፊት ለካንሰር የወሰዱት ጨረር ከኩላሊት የሚወርደውን የሽንት መስመር አጥብቦባቸው፣ ከዚያ ወዲህ ሽንታቸው የሚያልፈው በውስጡ በተቀመጠ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በየስድስት ወሩ ይቀየርላቸዋል። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ግን ደም ይሸናሉ። አንድ ቀን ይመጣል፣ ሳምንት ይጠፋል። በመጡ ቁጥር የሽንት ሐኪሙ «ኢንፌክሽን ነው» እያለ ኪኒን አስይዞ ሸኛቸው። ትናንት ራሳቸውን ስተው መጸዳጃ ቤት ወድቀው ተገኙ።

ያ ሐኪም አሁን እግራቸው ሥር ቆሟል።

«ፕላስቲኩ የደም ሥሩን በሚሻገርበት ቦታ እየፈተገ በልቶታል ብዬ ነው የምጠረጥረው» ትለዋለች የደም ሥር ሐኪሟ። «ቀዳዳውን የደፈነውም ራሱ ነው። ካልሳብከው አይታይም።»

«ከሳብኩትስ?»

«ይፈሳል። ያኔ አየዋለሁ።»

ሐኪሙ ወደ መምህርቷ ጎንበስ ይላል። «ሰምተዋል?»

«ጆሮዬን አላደነዘዛችሁት» ይላሉ። «ሦስት ወር ሙሉ ‹ይፈሳል› ስልህ ከረምኩ። በል ሳበው።»

የሰመመን ባለሙያው ደም ይሰቅላል። ሐኪሙ መንገዱ እንዳይጠፋበት በፕላስቲኩ ውስጥ ያሳለፋትን ቀጭን ሽቦ ትቶ ፕላስቲኩን በሽንት መውጫው በኩል ይስባል። አንድ ስንዝር። ምንም የለም። ሌላ ስንዝር ሲጨምር ትኩስ ደም በጓንቱ ላይ ግንፍል ብሎ አንሶላውን ያጥለቀልቃል።

«ደም ግፊት ሰባ በአርባ» ይላል የሰመመን ባለሙያው።

የደም ሥር ሐኪሟ መድኃኒቱን ትረጫለች። ስክሪኑ ላይ ከደም ሥሩ ጎን ጥቁር ነገር ቡልቅ ይላል፣ ውኃ ውስጥ እንደተንጠባጠበ ቀለም።

«አገኘሁት!»

ቀዳዳ የምትደፍን፣ ስስ ጨርቅ የለበሰች የብረት ወንፊት በደም ሥሩ ውስጥ እየገፋች ቀዳዳው ላይ ታደርሳለች፣ ትከፍታለች። እንደገና መድኃኒት ትረጫለች። ጥቁሩ የለም። በአንሶላው ላይ የሚወርደው ደም ይቀጥናል፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ይቆማል። ሐኪሙ በሽቦዋ ላይ አዲስ ፕላስቲክ ያስገባል።

የብሽሽቱ ቱቦ ሲወጣ አንድ ሰው ቦታውን ለሃያ ደቂቃ በእጁ ተጭኖ መያዝ አለበት። ነርሷ ትጠጋለች።

«ተዪው፣ እኔ እይዘዋለሁ» ይላል የሽንት ሐኪሙ።

ሌሎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይላል፣ ቀና ሳይል።

መምህርቷ ጣሪያውን ያያሉ።

«እጅህ ላላ» ይላሉ። «ጠበቅ አድርግ።»

ጠበቅ ያደርጋል። ከጣቶቹ ሥር የደም ሥሩ ይመታል። እሳቸው ዓይናቸውን ይከድናሉ፤ እሱ የደነዘዘ ክንዱን ሳይቀይር ይቆማል።